ሌናሊዶማይድ፦ እናቴ አራት ዓመት የዋጠችው የማይሎማ መድኃኒት በአስታማሚ ሲመዘን

በየ28 ቀኑ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤታችን አንድ ትንሽ ጥቅል ይመጣል። አምጪው ሰው ፈርመን ካልተቀበልነው ደጃፍ ላይ ጥሎት አይሄድም። በውስጡ ያለው ሌናሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ነው፤ 21 ካፕሱል፣ በቀን አንድ፣ ከዚያ የሰባት ቀን ዕረፍት። እናቴ መልቲፕል ማይሎማ በሚባለው የመቅኔ ካንሰር መያዟ በ2021 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከታወቀ ወዲህ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጥቅሉን የምቀበለው፣ ካፕሱሉን የምቆጥረው፣ ከፋርማሲው ጋር በስልክ የምነጋገረውና የደም ምርመራ ውጤቷን በደብተር የምመዘግበው እኔ ነኝ። ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ አስተያየት የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ስለዚህ መድኃኒት ግን ያን ጊዜ በአማርኛ የተጻፈ የተጠቃሚ አስተያየት ፈልጌ ስላጣሁ፣ ማንበብ የፈለግሁትን አሁን ለሌላ ቤተሰብ እጽፋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። እኔ መናገር የምችለው መድኃኒቱ አንድ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚጠይቅ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሌናሊዶማይድ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ጥሩነቱን በሙሉ የሚሰጠው ቤት ውስጥ በሽታውን የተረዳ አንድ ሰው ሲኖር ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ከበሽታው መጀመር አለብኝ።

የእናቴ ሕመም በወገብ ነው የጀመረው። ያኔ 71 ዓመቷ ነበር፤ ለረጅም ዓመታት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታነሣና ስታገላብጥ ስለኖረች የወገቧ መታመም ማንንም አላስደነገጠም። እርሷ «ብርድ ነው» አለች፤ ጎረቤት «ዲስክ ነው» አለ፤ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ክሊኒክ ደግሞ ኤክስሬይ እንኳ ሳያነሣ ስምንት ወር ሙሉ አይቡፕሮፌን እየጻፈ ሸኛት። በእነዚያ ወራት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፤ ውኃ ውኃ ይላታል፤ ሆዷ ይደርቃል፤ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ያዛት። ለእያንዳንዱ ምልክት የየራሱ መልስ ተሰጠው፦ ለድካሙ የብረት እንክብል፣ ለድርቀቱ ማለስለሻ፣ ለሳንባው አንቲባዮቲክ። ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጦ ያያቸው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት የልብስ ቅርጫት ልታነሣ ጎንበስ ስትል እዚያው ቀረች፤ ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ከአከርካሪ አጥንቶቿ አንዱ ተጨፍልቆ ተገኘ።

የድንገተኛ ክፍሉን ሐኪም ያሳሰባቸው የተጨፈለቀው አጥንት ብቻ አልነበረም። በደሟ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ፕሮቲን 10.4 ደርሶ ከልኩ በላይ ሆኖ ሳለ፣ አልቡሚን የተባለው ዋናው የደም ፕሮቲን ግን ከልኩ ዝቅ ያለ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ይህ ሁሉ ትርፍ ፕሮቲን ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ ያነሡት እርሳቸው ናቸው። ሄሞግሎቢኗ 8.9፣ የኩላሊትን መዳከም የሚያሳየው ክሬያቲኒኗ 1.6 ነበር፤ ካልሲየሟም ከፍ ብሏል። በኋላ የቀድሞውን ክሊኒክ ወረቀቶች ሳገላብጥ የፕሮቲኑ ቁጥር ከአምስት ወር በፊት በተደረገ ተራ የደም ምርመራ ላይ ከፍ ብሎ ተጽፎ፣ ከጎኑም ምልክት ተደርጎበት አገኘሁት። ይህን ወረቀት ዛሬም ባሰብሁት ቁጥር ያመኛል። በዕድሜ የገፋ ሰው የማይለቅ የወገብ ወይም የጎድን ሕመም ሲኖረው፣ ደም ማነስ ወይም የኩላሊት መዳከም ከተጨመረበት፣ የጠቅላላ ፕሮቲንና የአልቡሚን ውጤቱን ጠይቃችሁ እዩ፤ ርካሽ ምርመራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተሠርቶ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል።

ማይሎማ የሚነሣው መቅኔ ውስጥ ካሉት ፕላዝማ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በጤንነታቸው ጊዜ ሰውነትን ከተዋሲያን የሚጠብቁ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታሉ። ከእነርሱ አንዱ ተበላሽቶ ያለ ልክ ሲራባ ግን ዘሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ፣ ምንም የማይከላከል ፕሮቲን ያመርታል፤ ሐኪሞች ኤም ፕሮቲን ይሉታል። ከዚህ በኋላ ጉዳቱ በአምስት በኩል ይመጣል። የተበላሹት ሕዋሳት አጥንት አፍራሽ ሕዋሳትን እያነሣሡ አጥንት ገንቢዎቹን ስለሚያዳክሙ አጥንቱ ምስጥ እንደገባበት እንጨት ከውስጥ ይቦረቦራል። ከፈረሰው አጥንት የወጣው ካልሲየም ደም ውስጥ ሲበዛ ጥማትን፣ የሆድ ድርቀትንና መፍዘዝን ያስከትላል። የፕሮቲኑ ቁርጥራጮች በኩላሊት ሲጣሩ ቱቦዎቹን ይዘጋሉ፤ አይቡፕሮፌንን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ደግሞ በዚህ ኩላሊት ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራሉ፤ እናቴ ለስምንት ወር ስትውጠው የነበረው ይህንኑ ነው። መቅኔው በተበላሹ ሕዋሳት ሲጨናነቅ የቀይ ደም ምርት ያንሳል። ጤነኛው ፀረ አካል እየተመናመነ ስለሚሄድም ሳንባ ምችን የመሰለ ኢንፌክሽን ይደጋገማል። ወገቡ፣ ጥማቱ፣ ድካሙና ሳንባ ምቹ አንድ በሽታ ነበሩ።

ምርመራው ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደ። በደም ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ለይቶ የሚያሳየው ምርመራ 4.6 ግራም ኤም ፕሮቲን አሳየ፤ ቀጥሎ የተደረገው ዓይነቱ አይጂጂ ካፓ መሆኑን ለየ። የ24 ሰዓት ሽንት በጋሎን አጠራቅመን ወሰድን። ከዳሌዋ አጥንት በስተጀርባ በመርፌ የመቅኔ ናሙና ተወሰደ፤ ከናሙናው ውስጥ ከመቶ 45 እጁ የተበላሸ ፕላዝማ ሕዋስ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሙሉ ሰውነቷ ፔት ሲቲ በሚባለው የምስል ምርመራ ተነሣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልጥቀስ፦ ለሌሎች ካንሰሮች የሚታዘዘው የተለመደው የአጥንት ስካን የሚያነበው አጥንት ሲገነባ የሚታየውን እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ አጥንትን ማፍረስ ብቻ የሚያውቀውን ማይሎማን በአብዛኛው ሳያሳይ ያልፋል። «ስካን ተነሥቼ ነጻ ነህ ተብያለሁ» የሚል የቤተሰብ አባል ካላችሁ የትኛው ስካን እንደሆነ ጠይቁ።

የበሽታው ስም ራሱ አስቸግሮን ነበር። በስልክ የመጣው አስተርጓሚ ለእናቴ «የአጥንት ካንሰር» ብሎ ነገራት። እርሷም የጡት ወይም የሌላ አካል ካንሰር ወደ አጥንት ተዛምቶ የቀራት ጊዜ የተቆጠረ መሰላትና ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ማይሎማ የደም ሕዋስ ካንሰር ነው፤ አጥንቱ ተጎጂ ነው እንጂ መነሻ አይደለም። እኛ ቤት ውስጥ «የመቅኔ ካንሰር» የሚለውን መርጠናል፤ ከዚያ ቀን በኋላ እናቴም ለሚጠይቃት ሁሉ በዚሁ ስም ትናገራለች። ከበሽታው በፊት ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ደም ውስጥ የሚቆይ ትንሽ የኤም ፕሮቲን ደረጃ አለ፤ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከመቶ ሦስቱ ያህል አላቸው፤ ከእነዚህም በዓመት ከመቶ አንዱ ያህል ወደ ማይሎማ ወይም ወደ ተቀራራቢ በሽታ ይሸጋገራል። በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ማይሎማ ከነጮች በእጥፍ ያህል ይበዛል። ይህን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ያን ወረቀት በሌላ ዓይን እናየው ነበር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ሌናሊዶማይድ የታሊዶማይድ ልጅ ነው። ታሊዶማይድ በ1957 በምዕራብ ጀርመን የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት ሆኖ ለገበያ የቀረበና፣ ነፍሰ ጡሮች ወስደውት በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ከተወለዱ በኋላ በ1961 ከገበያ መነሣት የጀመረ ነው። አሜሪካ ከዚህ ጥፋት በአብዛኛው የዳነችው የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቷ ባልደረባ ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ ማስረጃው አይበቃም ብለው ፈቃድ ስለከለከሉ ነው። ያው መድኃኒት በ1999 በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት ሌላ ሕክምና እምቢ ያላቸውን የማይሎማ ሕመምተኞች ሲረዳ ታየ። ሌናሊዶማይድ ከእርሱ ተሻሽሎ ተሠርቶ ሬቭሊሚድ በሚል የንግድ ስም በ2006 ለማይሎማ ተፈቀደ። አሠራሩ የተገለጠው ዘግይቶ ነው፦ በሕዋስ ውስጥ የማይፈለጉ ፕሮቲኖችን ለይቶ ወደ ማስወገጃ የሚልክ ሴሬብሎን የሚባል አካል አለ፤ መድኃኒቱ እርሱ ላይ ተጣብቆ የማይሎማ ሕዋስ ያለ እነርሱ መኖር የማይችላቸውን ኢካሮስና አዮሎስ የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች እንዲያስወግድ ያደርገዋል። የሕመምተኛዋን የመከላከያ ሕዋሳትም ያነቃቃል። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም፤ የፋርማሲው ጥብቅነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ከ1961 ስለሆነ ነው።

እናቴ የጀመረችው ሌናሊዶማይድን ብቻዋን አይደለም። ዳራቱሙማብ የሚባል ከሆዷ ቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌና ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ አብረው ታዘዙላት። መርፌው መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከሁለት ወር በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከስድስተኛው ወር ወዲህ በወር አንድ ጊዜ ነው። ሐኪሟ በዕድሜዋና በኩላሊቷ ምክንያት ከሕመምተኛዋ ከራሷ በሚወሰድ የመቅኔ ሕዋስ የሚደረገውን ንቅለ ተከላ ትተው ይህን የመረጡት፣ ንቅለ ተከላ በማይስማማቸው ሕመምተኞች ላይ የተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት ሦስቱ አንድ ላይ ሲሰጡ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበት ጊዜ ዳራቱሙማብ ሳይጨመር ከሚቆይበት እንደሚረዝም ስላሳየ ነው፤ በኋላ በወጣው የዚያው ጥናት ውጤት መካከለኛው ጊዜ በሦስቱ 61.9 ወር፣ ዳራቱሙማብ ሳይጨመር ግን 34.4 ወር ሆኗል። የሌናሊዶማይድ የተለመደ መነሻ 25 ሚሊግራም ነው፤ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ እርሷ በ10 ጀመረች። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑ ሳይቀነስ ከታዘዘለት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ውጤቱን በቁጥር ልናገር። ኤም ፕሮቲኗ በአራተኛው ወር 0.9 ደረሰ፤ በአሥራ አንደኛው ወር በምርመራ የማይታይ ሆነ። ሄሞግሎቢኗ ወደ 12 ወጣ፤ ኩላሊቷ ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ክሬያቲኒኗ 1.1 ላይ ረጋ። የወገቧ ሕመም በአምስተኛው ሳምንት ሲቀንስ መጀመሪያ ያስተዋልሁት አንድ እሑድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ለቅዳሴ ዝግጁ ሆና ቆማ ሳገኛት ነው። ተቀምጣ አልነበረም፤ ቆማ ነበር። የጠፋው አጥንት ግን አልተመለሰም፤ ቁመቷ በሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሯል፤ ለአጥንቷ የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ ተጨማሪ ስብራትን ይከላከላል እንጂ የተጨፈለቀውን አያቀናም። ይህን መርፌ ከመጀመሯ በፊት ጥርሷን እንድትታይ ተደርጓል፤ መንጋጋን ሊጎዳ ስለሚችል ጥርስ ማስነቀል ካለ አስቀድሞ መደረግ አለበት።

አሁን ስለ አቅርቦቱ። በአሜሪካ ሌናሊዶማይድ ከሰፈር ፋርማሲ አይገዛም። ሐኪሙ፣ ሕመምተኛውና ፋርማሲው ሦስቱም በአንድ የቁጥጥር ሥርዓት መመዝገብ አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ የ28 ቀን አቅርቦት ሐኪሙ የፈቃድ ቁጥር ያወጣል፤ ሕመምተኛውም እንደ ፆታውና እንደ ዕድሜው በየወሩ ወይም በየስድስት ወሩ የስልክ መጠይቅ ይመልሳል። መውለድ የምትችል ሴት በየጊዜው የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፤ ወንዶችም መድኃኒቱ በዘር ፈሳሻቸው ስለሚገኝ ኮንዶም እንዲጠቀሙ ይጠየቃሉ። ደም መለገስ፣ ካፕሱሉን መክፈትና ለሌላ ሰው ማካፈል ክልክል ነው። ጥብቅነቱን እደግፋለሁ። የማልደግፈው አፈጻጸሙን ነው። በመጀመሪያው ዓመት በየስድስት ወሩ የሚደረገው መጠይቅ በደረሰ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠቅሰው ያኔ እንጠቀምበት የነበረው ፋርማሲ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ለእናቴ ደወለላት። አስተርጓሚ ትፈልጊ እንደሆነ ብሎ የጠየቃት የለም። እርሷም በትሕትና ለሁሉም ጥያቄ «የስ» ስትል፣ መድኃኒቱን ለሌላ ሰው አካፍለሽ ታውቂያለሽ ለሚለውም «የስ» አለች። ፈቃዱ ታገደ፤ ነገሩን አስረድተን እስክናስተካክል ዘጠኝ ቀን ያለ መድኃኒት ቆየች።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ያለ ክፍያ የቋንቋ እርዳታ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ የአማርኛ አስተርጓሚም በስልክ ይገኛል። ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር አደረግን፦ በመዝገቧ ላይ «አማርኛ አስተርጓሚ» ተብሎ እንዲጻፍ፣ እኔ እንደ ወኪሏ እንድመዘገብ፣ መጠይቁም አስቀድሞ በቀጠሮ እንዲሆን። ካፕሱሎቹ ሊያልቁ አሥር ቀን ሲቀራቸው እኛው ራሳችን እንደውላለን። ከዚህ ወዲህ አንድም ቀን አልተጓደለባትም። ለአቅርቦቱ ብቻ ኮከብ ስጥ ብባል ከአምስት ሁለት እሰጣለሁ፤ ለመድኃኒቱ ከአምስት አራት ተኩል።

ግማሿን ኮከብ የቀነስሁት በጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው የደም መርጋት ነው። ሌናሊዶማይድ፣ በተለይ ከስቴሮይድ ጋር ሲሆን፣ በእግር ሥር ውስጥ ደም የማርጋት ዝንባሌ ስላለው እናቴ በየቀኑ 81 ሚሊግራም አስፕሪን ትወስድ ነበር። እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ወር የግራ ባቷ አበጠ። ብዙ ስለተቀመጠች ነው ብለን ሁለት ቀን በሞቀ ውኃ አሸነው፤ ስሕተት ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታይ ደም ረግቷል፤ አስፕሪኑ በጠንካራ የደም ማቅጠኛ ተተካ። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ወይም ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር ማሸትና ማደር አይገባም፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ተቅማጡ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ በሁለተኛው ዓመት። እናቴ አፍራ ለወራት ደበቀችኝ፤ ከቤት መውጣት ስትቀንስ ነው የነቃሁት። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሐሞት ፈሳሽ በአንጀት በደንብ አለመመጠጡ ነው፤ ሐሞቱን የሚያስር መድኃኒት ሲታዘዝላትና በወጡ ላይ የምትጨምረው ቅቤ ሲቀንስ በሁለት ሳምንት ተሻላት። ሐኪም ካልተነገረው የማይፈታ፣ ከተነገረው ግን በቀላሉ የሚፈታ ነገር ነው። ዴክሳሜታሶኑ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ የምትወስድበት ቀን ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም፣ ወጥ ቤት ታጸዳለች፣ በማግስቱ ትከፋለች፣ ስኳሯም ከፍ ይላል። ጠዋት በማለዳ እንድትወስደው ማድረጉ እንቅልፉን በጥቂቱ አስተካክሎታል።

ስለ ነጭ የደም ሕዋስ ግን ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በቀጥታ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከታልና። ሌናሊዶማይድ ኒውትሮፊል የተባሉትን ተከላካይ ሕዋሳት ይቀንሳል፤ ቁጥራቸው ከ1,000 በታች ሲወርድ መድኃኒቱ ይቋረጣል ወይም መጠኑ ይቀነሳል። ነገር ግን ከአፍሪካ በመጡ ብዙ ሰዎች ዘንድ፣ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ፣ በጤና ጊዜም ኒውትሮፊል ከተለመደው ልክ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከዳፊ የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ በዘር የሚወረስ ጠባይ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ለኢንፌክሽንም አያጋልጥም። የእናቴ ቁጥር 1,100 ሲሆን መድኃኒቱ ሊቀነስላት ነበር። እኔ ከበሽታው በፊት የነበሩትን የደም ውጤቶቿን ይዤ ሄድሁ፤ በ2016ም በ2018ም በጤናዋ ጊዜ ከ1,600 በላይ አልፎ አያውቅም። ሐኪሟ ወረቀቱን ካዩ በኋላ መጠኑን ሳይነኩ በየሳምንቱ ደሟን እያዩ መከታተልን መረጡ። ውሳኔው የሐኪም ነው፤ ያለፈውን ቁጥር ማቅረብ ግን የቤተሰብ ሥራ ነው። የቆዩ የደም ምርመራ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ፤ አዲስ አበባ የተሠሩትንም ጭምር።

ኒውትሮፊሏ ዝቅ በሚልባቸው ሳምንታት ክትፎ የሚቀርበው በስሎ ነው፤ ጥሬ ወተትና ከገበሬ የመጣ እርጎም አይገባም። ቴርሞሜትር አልጋዋ አጠገብ ነው፤ ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ በየትኛውም ሰዓት ይደወላል። ጾሙ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያነጋገረን ጉዳይ ነበር። እናቴ ዓቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ መጾም የለመደች ናት፤ ማይሎማ ያለበት ኩላሊት ግን ውኃ ሲጎድለው ይጎዳል። እኔ ብነግራት አልሰማችኝም። የንስሐ አባቷ ናቸው ቤት ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ውኃሽንና መድኃኒትሽን ጠዋት ውሰጂ፤ ከሥጋና ከወተት መከልከልሽ ይበቃል» ብለው የፈቱላት። ከዚያ ወዲህ በጾም ወራት ሽሮው፣ ምስሩና ተልባው አለ፤ ውኃው ግን በቀን ሁለት ሊትር ነው። ከኢትዮጵያ በዘመድ እጅ የሚመጣውን የተቀመመ ቅጠላ ቅጠል ውስጡ ያለውን ስለማናውቅ ለኩላሊቷ ብለን ትተነዋል። ጸበሉን አልተወችም፤ የምትጠጣው በትንሽ ስኒ ነው፤ ሐኪሟም ያውቃሉ።

ስለ ዋጋው። ይህ መድኃኒት ያለ ኢንሹራንስ የማይቀመስ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ምርመራ፣ የሬቭሊሚድ አንድ ካፕሱል ዋጋ 22 ጊዜ ተጨምሮ ከ215 ዶላር ወደ 719 ዶላር ደርሶ ነበር። ሰው በሕይወት እንዲቆይ የሚዋጥ ነገር በዚህ ልክ መወደዱ ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ከ2022 መጋቢት ጀምሮ በሌሎች አምራቾች የተሠራው ሌናሊዶማይድ በአሜሪካ ገበያ፣ መጀመሪያ መጠኑ ተገድቦ፣ መሸጥ ጀምሯል፤ እናቴም ከ2023 ወዲህ የምትወስደው እርሱን ነው፤ በውጤቷም ሆነ በሆዷ ላይ ልዩነት አላየሁም። እኛ ሜዲኬር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ስለምንጠቀም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥር በገባ ቁጥር ብዙ ሺህ ዶላር እንጠየቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ያሻገረን በሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባልደረባ አማካይነት ያገኘነው የበጎ አድራጎት ድጋፍ ነው። በ2025 በሜዲኬር የመድኃኒት ክፍያ ላይ ዓመታዊ ጣሪያ ተደርጓል፤ በዚያ ዓመት 2,000 ዶላር ነበር፤ ክፍያውንም በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፤ ግን ለመከፋፈሉ ማመልከት ያስፈልጋል፣ በራሱ አይመጣም። ይህን ያላወቁ ሁለት ቤተሰቦች በቤተ ክርስቲያን አግኝቼ ረድቻለሁ።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች «እዚህስ ይገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ሌናሊዶማይድን፣ ታሊዶማይድንና ቦርቴዞሚብን በ2019 በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ለማይሎማ አስገብቷቸዋል፤ በሕንድ የሚመረተው ሌናሊዶማይድም ከአሜሪካው ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ርካሽ ነው። ከዴልሂ በሰው እጅ አስመጥቶ የሚጠቀም ቤተሰብ አውቃለሁ። ለእነርሱ የምለው አንድ ነው፦ ካፕሱሉ በሻንጣ ሊመጣ ይችላል፤ የደም ቆጠራው፣ የኩላሊት ምርመራውና የደም ማቅጠኛው ግን አብረው ካልመጡ መድኃኒቱ ብቻውን አደገኛ ነው። ቤት ውስጥ መውለድ የምትችል ሴት ካለች ደግሞ የተሰበረ ካፕሱል በእጇ እንዳትነካ።

እናቴ አሁን መጠኑ ወደ 5 ሚሊግራም ወርዶላት ቀጥላለች። ሐኪሟ በሽታው አንድ ቀን ሊመለስ እንደሚችል ሳይደብቁ ነግረውናል፤ ያን ጊዜ በ2022 የተፈቀዱት ሲልታካብታጂንና ቴክሊስታማብን የመሰሉ ሌሎች መንገዶች እንዳሉም አስረድተውናል። በዚህ ወር የመጣው ጥቅል ወጥ ቤት ውስጥ ከቡናው ረከቦት በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ስቆጥረው 13 ካፕሱል ቀርቷል። ማክሰኞ ለቀጣዩ እደውላለሁ።